ባቄላ ያሰረው ጅን

በአገራችን ስብሰባ ያለ ሰብሳቢ ሊካሄድ ይችላል። ያለ አጀንዳም ሲካሄድ ኖሯል። ያለ አስረጂ ግን ተካሂዶ አያውቅም። አስረጂ ማለት ተናጋሪው ተናግሮ ሲቀመጥ፣ ማንም ሳይጠይቀው ጋቢውን አስተካክሎ የሚነሳና ሁሉም ሰው በአማርኛ የሰማውን ነገር ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው ነው። በየቀበሌው አንድ አለ፤ በየዕድሩም አንድ አለ። ሁለት የበቀሉበት ቀበሌ እንደሆነ ስብሰባው ሳያልቅ ፆም ይገባል።

በወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ዝቅ ብላ መንገድ ዳር ባለችው መንደር፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር አያ ሙሉሰው ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ስለዚህም ማንም ሊሽራቸው አልቻለም። ንግግራቸው ሁልጊዜ የሚጀምረው «ለማለት የፈለገው...» በሚል ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነገር፣ ሰውየው ለማለት ከፈለገው ጋር አንዳንዴ ይገናኛል።

ቤተ ክርስቲያን ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ሲል፣ አጠገባቸው ያለውን ምዕመን በክርናቸው ነካ አድርገው «ለማለት የፈለገው፣ ተነሱ ነው» ይሉታል። ሰውየው ከኪዳን ጀምሮ ቆሞ ነው። ለጉዳይ ጎንደር ሲወርዱ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ብሎ ይጮሃል፤ የሚንቀሳቀስ የለም። አያ ሙሉሰው ወደ ኋላ ዞረው «ለማለት የፈለገው፣ ጠጋ ጠጋ በሉ ነው» ሲሉ ሰው ሁሉ ይጠጋል። ሚስታቸውን የትነበርሽን ከሁሉ አብልጦ የሚያበግናት ይኸው ነው። ሰው ይሰማቸዋል።

አንድ ጊዜ ለሽምግልና ሄዱ። የሽማግሌዎቹ ታላቅ እንደ ወጉ ለልጅቱ አባት «ልጅ ሊሆንዎት የሚፈልግ ልጅ አለን» ብለው ቁጭ አሉ። ወዲያው አያ ሙሉሰው ተነሱ። «ለማለት የፈለጉት፣ ልጁ አባት የለውም» አሉ። የልጁ አባት ከጎናቸው ተቀምጦ ነበር። የልጅቱ እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ወይኔ፣ ነፍሱን ይማር!» አለች። ሟቹም ከድንጋጤው የተነሳ «አሜን» አለ።

የአጎታቸውን ልጅ ዋኘውንም አንድ ጊዜ ወደ ሐኪም ወስደውታል። ሐኪሙ «ደም ብዛት አለብህ፤ ጨው ቀንስ» ብሎ ሸኘው። ገና በሩን ሳይወጡ አያ ሙሉሰው አስረዱት። «ለማለት የፈለገው፣ በጨው ፋንታ በርበሬውን ጠበቅ አድርገው ነው።» ዋኘው ያን ሰሞን ላብ በላብ ሆኖ ሰነበተ። አሁንም ግን ሐኪም ቤት ሲሄድ ያለ አያ ሙሉሰው አይሄድም።

የትነበርሽ ይህን ሁሉ ሠላሳ ዓመት ችላ ኖራለች። ቤት ውስጥም ከትርጉም አላመለጠችም። «ደከመኝ» ብላ ጎኗን ስታሳርፍ፣ «ለማለት የፈለግሽው፣ እራት ቶሎ ይቅረብ ነው» ይሏታል። «ዝም በል» ስትላቸውም «ለማለት የፈለግሽው፣ ቀስ ብለህ ተናገር ነው» ይሉና ቀስ ብለው ይቀጥላሉ። እሷም ጆሮዋን አለማምዳ፣ የባሏን አፍ እንደ ወፍጮ ድምፅ ትሰማዋለች። ሲፈጭ ይሰማል፤ ሲያቆም ያስደነግጣል።

ይህ ሁሉ ቀልድ ሆኖ ያለፈው ግን ነገሩ ወደ መሬቷ እስኪመጣ ነበር።

የትነበርሽ ከአባቷ የወረሰችው አንድ ማሳ አላት፤ ከገበያ መንገድ ዳር፣ ወደ ቁልቁለቱ ዘንበል ያለ ቀይ መሬት። አባቷ በሕይወት ሳሉ ገብሱ ሰው ይደብቅ ነበር። ገብስ በገብስ ላይ እየተዘራ፣ ዝናቡም ላይ ላዩን እየጠረገው፣ ማሳው ከዓመት ዓመት ደከመ። ባለፈው መኸር የበቀለበት ገብስ ጫጩት እንኳ የሚደብቅ አልነበረም። ይህን ያየው ዋኘው የባህር ዛፍ ችግኙን አፍልቶ መጣ። «መሬቱ ሞቷል። ባህር ዛፍ እንትከልበትና እኩል እንካፈል» አለ። አያ ሙሉሰው ነገሩ ጥሟቸው ነበር። የትነበርሽ ግን ባህር ዛፍ አንዴ ከገባበት እርሻ ተመልሶ እንደማይገባ ታውቃለች። በሽማግሌ ፊት አለቀሰች፣ ተሟገተች። በመጨረሻ ስምምነት ተደረሰ። አንድ ክረምት የፈለገችውን ትዝራበት፤ በማግስቱ ዓመት በሚዘራው ገብስ ማሳው ካላገገመ ግን ለዋኘው ባህር ዛፍ ይሰጥ ተባለ።

በዚያው ግንቦት የግብርና ባለሙያዋ ማስተዋል ለስብሰባ መጣች። ማስተዋል ጎንደር ተወልዳ ያደገች፣ ሥራዋን የምትወድ ልጅ ናት። በሞተር ሳይክል ትመጣለች፤ ስትናገርም እጇ አያርፍም። ገበሬው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተሰብስቦ ተቀመጠ።

«ይህን አየር ባዶ አድርገን እናየዋለን» አለች። «ባዶ አይደለም። ናይትሮጅን አለበት። መሬት የሚደክመው እሱን ሲያጣ ነው። ገብስ ከአየር ላይ ሊወስደው አይችልም። ባቄላ ግን ስሩ ላይ የሚያድሩ፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉት። እነሱ ናይትሮጅኑን ከአየር ላይ ይዘው ስሩ ላይ ያስሩታል። ባቄላው ማደሪያና ምግብ ይሰጣቸዋል፤ እነሱ ማዳበሪያ ይሠሩለታል። ስለዚህ በደከመ መሬት ላይ ባቄላ ዝሩ። ሲደርስም አትንቀሉት። በማጭድ እጨዱትና ስሩን ለመሬቱ ተዉለት።»

የትነበርሽ ወዲያው ገባት። ባቄላ የእኩል አራሽ አለው ማለት ነው፤ ቤት ይሰጣል፣ ጉልበት ያገኛል። ይህ ምን ይከብዳል? ልቧ ተነሳ። ማሳዋ ታያት፣ አባቷ ታዩዋት፣ ሰው የሚደብቀው ገብስ ታያት። ቀና ስትል ግን ሌላም ነገር ታያት። አያ ሙሉሰው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ነበር።

«ባለሙያዋ ለማለት የፈለገችው» አሉ፤ ከዚያም ቃሉ እስኪሰርጽ ጥቂት ቆዩ፤ «ባቄላ ጅን ያስራል።»

ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየሩን አየ።

«ሁሉንም ጅን አይደለም» ብለው ቀጠሉ፣ ሰው እንዳይሳሳት በመጠንቀቅ። «ናይትሮ የሚባለውን ጅን ነው። በዓይን አይታይም ብላለች። ረቂቅ ነው ብላለች። አየር ላይ ነው የሚኖረው ብላለች። እንግዲህ ረቂቅ ሆኖ፣ ሳይታይ አየር ላይ የሚኖር ምን እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ አልነግርም። ባቄላ ግን ይይዘዋል፤ ይዞም ስሩ ላይ ያስረዋል።»

«ኧረ አያ ሙሉሰው» አለ ዋኘው፣ «ይኸ ናይትሮ የሚሉት ከወዴት የመጣ ጅን ነው? በአባቶቻችን ጊዜ አልሰማንም።»

«በጣልያን ጊዜ የገባ ነው። ከማኪና ጋር ነው የመጣው። ጣልያን ሲወጣ ማኪናውን ይዞ እሱን ጥሎት ሄደ።»

ማስተዋል ከተቀመጠችበት ተፈናጥራ ተነሳች። «አይደለም! እባካችሁ! ናይትሮጅን ማለት እኮ የአየር ክፍል ነው። ምንም አያስፈራም። እንዲያውም አየሩ አብዛኛው እሱ ነው፤ አሁን ሁላችንም እየተነፈስነው ነው!»

ይህን ባትል ይሻላት ነበር። ያ ሁሉ ገበሬ በአንድ ጊዜ ጋቢውን ስቦ አፍና አፍንጫውን ሸፈነ።

ነገሩ መሪጌታ ዕንባቆም ዘንድ ደረሰ፤ እሳቸው ድጋምም ዕፅም ያውቃሉ ይባላል። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና «የጤና አዳም ተጽፏል፤ የባቄላ አልተጻፈም» አሉ። ሰው ሊተነፍስ ሲል ደግሞ «አልተጻፈም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም» ብለው ጨመሩበት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ አለቀለት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የትነበርሽ ባቄላዋን በሰኔ ዘራች። ዘሩ በሸጋ ወጣ። አረም ሲደርስ ግን ወንፈል የሚገባላት ሰው ጠፋ። ትናንት አብራቸው ስታርም የዋለችላቸው ጎረቤቶቿ አንዷ ወገቧን ታመመች፣ አንዷ ሥላሴን ልሳለም ብላ ጎንደር ወረደች፤ ሌላዋ ግን ቁርጡን ነገረቻት። «እቴ፣ ጅን የታሰረበትን መሬት መቆንጠጥ እኔ አልችልም። ነካ ሳደርገው ቢያመልጥስ?» የትነበርሽ ከባሏ ጋር ብቻቸውን ጎንበስ ብለው አረሙ።

«አንተስ አትፈራም?» አለቻቸው በንዴት።

«ምን ያስፈራኛል? ታስሯል አላልኩም?»

እሷም ጭቃውን አንስታ ልትወረውርባቸው ቃጣትና፣ ጭቃውም የአባቷ መሬት ነውና ሳሳችለት።

ማስተዋል ይህን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች መሰል፣ በነሐሴ ጭቃ ሞተሯን እየገፋች መጣች። ሰው ሁሉ ባለበት እውነቱን አሳያለሁ ብላ ማሳው ዳር ሰበሰበቻቸው። ሁሉም ራቅ ብለው ቆሙ። አንድ ባቄላ ከነአፈሩ በአካፋ አወጣችና ስሩን በውኃ አለቀለቀችው። ስሩ ላይ ምስር ምስር የሚያካክሉ እባጮች ተደርድረዋል።

«አያችሁ? ጅን የለም። ተሕዋስያኑ የሚኖሩት እዚህ ውስጥ ነው። ሥራ ላይ መሆናቸውን የምናውቀው እንዲህ ስንከፍተው ነው።» አንዱን እባጭ በጥፍሯ ሰነጠቀችው። ውስጡ ቀይ ነበር።

«ደም!» አለ ዋኘው።

«ደም አይደለም! ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው ማለት ነው። ጤነኛ ነው ማለት ነው!»

አያ ሙሉሰው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ለማለት የፈለገችው፣ ታስሯል እንጂ አልሞተም።»

ሕዝቡ ወደ ኋላው ሸሸ። ከሴቶቹ አንዷ ጫማዋን ጥላ ሄደች፤ እስከ መስቀል ድረስ ሊያነሳው የደፈረ አልነበረም። ማስተዋል የታጠበውን ስር እንደያዘች ቀረች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

የትነበርሽ ያን ዕለት ቻይነቷ አለቀ። ባሏን ማሳው መሐል አቆመቻቸው። «አንተ ሰው፣ መሬቴን በአፍህ ቀበርከው! ሰው አይረዳኝ፣ ሰው አያጭድልኝ፤ ለከርሞ ዋኘው ባህር ዛፉን ይዞ ሲመጣ ማን ይቆምልኛል? እንግዲያውስ በጊዮርጊስ ገዝቼሃለሁ! ከዛሬ ጀምሮ ‹ለማለት የፈለገው› የምትል ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ!»

አያ ሙሉሰው አፋቸውን ከፈቱ። ይህን ግዝት ራሱን ለማስረዳት የፈለጉ ይመስላል። ግን በጊዮርጊስ ነው፤ ገጠሙት።

እሳቸውም ዝም አሉ። ክልክሉ ማስረዳት ብቻ ነበር፤ ሆኖም ሰውየው ያለዚያች ቃል ንግግር መጀመር አይችሉም ኖሯል። በስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ተናጋሪው ሲጨርስ ወደ እሳቸው ይዞራል፤ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። የሚያስረዳ ስለጠፋ ማለቁን የሚያውቅ ጠፋና አንዱ ስብሰባ ሳይዘጋ ቀረ። ዋኘው ሐኪም ቤት ሄዶ የታዘዘለትን እንደታዘዘለት ወሰደና በመዳኑ ግራ ተጋባ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የትነበርሽ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጆሮዋ አርፎ እንደ ንግሥት ሰነበተች።

ከዚያ ጥቅምት መጣ፣ እሸትም ደረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በገበያ መንገድ ዳር የተዘራ ባቄላ የዘሪው አይደለም። እሸት ቀጥፎ መብላት ስርቆት አይባልም፤ መንገደኛ ነው፣ ይቀምሳል፤ ደግሞ ለልጆቹ ትንሽ ይይዛል፤ ደግሞ አህያው ትቀምሳለች። አባቷም ባቄላ ይዘሩበት ነበር። ከጥቂት የገበያ ቀን በኋላ የሚቀራቸው አገዳና የመንገደኛ ምርቃት ብቻ ስለሆነ ነው ትተው ወደ ገብስ የዞሩት። የትነበርሽም በልቧ ግማሹን አስቀድማ ለመንገደኛ ሰጥታው ነበር።

በገበያ ቀን ማሳዋ ዳር ቆመች። ሰው ከላይ ሲመጣ ታየዋለች። ማሳው ጋ ሲደርስ በመንገዱ ወዲያኛው ዳር ይጠጋል፣ ነጠላውን አፉ ላይ ያደርጋል፣ አህያውን ጎትቶ በሩጫ ያልፋል። አንድ ሰው አማተበ። መሪጌታ ዕንባቆም ራሳቸው መቋሚያቸውን ከፊት አስቀድመው በጎን በጎን አለፉ። የትነበርሽን መጀመሪያ ውርደት ተሰማት። «እንደ ለምጻም ቤት ሸሹኝ» አለች። ተናዳ ወደ ባቄላው ዘወር ስትል ግን ቆም አለች። ጎንበስ ብላ አንዱን ተክል ከላይ እስከ ታች ዳበሰችው። ቀጥሎ ያለውን ዳበሰች። ሮጣ ወደ መንገዱ ጠርዝ፣ ሁልጊዜ መጀመሪያ ወደሚራቆተው መስመር ሄደች።

አንድ እሸት አልተቀጠፈም።

እዚያው ማሳው ዳር ቁጭ አለች። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። የባሏ አፍ ያልታጠረ ማሳዋን አጥሮላት ኖሯል። ይህን ያህል አጥር ዋኘው ባህር ዛፉን በሙሉ ቢቆርጥ አያጥረውም። ወዲያው ግዝቱን ላንሳለት ብላ ወደ ቤት ገሰገሰች። መንገድ ላይ ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት። አፉን ካስከፈተችው፣ እሱ ደግሞ ዛሬ ጅን የለም ብሎ ቢያስረዳስ? «ገብሱ ይድረስ፤ ያኔ» ብላ ዋጠችው። ማታ እራት ስታቀርብላቸው ግን ከወትሮው የበለጠ ወጥ ጨለፈችላቸው። አያ ሙሉሰው ወጡን አዩ፣ እሷን አዩ፤ ለማለት የፈለገችውን ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና እንጀራ ጎረሱበት።

ታኅሣሥ ላይ ባቄላው ደርቆ ጠቆረ። የትነበርሽ በየቤቱ ዞራ ለመነች፤ እሷም የእነሱን ስታጭድ የኖረች ናትና ፊታቸውን ማዞር አልቻሉም። መጡ። እንደ ልማዱ ባቄላ ከነስሩ ነው የሚነቀለው። ዋኘው ግን ገና ማሳው ውስጥ ሳይገባ ጮኸ። «ማንም እንዳይነቅል! ስሩ ከተነቀለ የታሰረው ይፈታል! በማጭድ፣ ከላይ ከላይ!» ያ ሁሉ ሰው በእግሩ ጣት እየሄደ፣ የተኛ ሕፃን ያለ ይመስል ሳይነጋገር አጨደ። ከብቶቻቸውንም ወደ ቃርሚያው አላሰማሩም።

ማስተዋል በሞተሯ ስታልፍ ማሳውን አይታ ሞተሯን በአንድ እግሯ ደግፋ ቆመች። ስሩ በሙሉ መሬት ውስጥ ነው። ቅጠሉና ገለባው እንኳ እዚያው ቀርቷል። «ይህን ስንት ዓመት ለመንኩ! በየቀበሌው ጮኽኩ፤ አንድ ሰው አልሰማኝም!» አለች። «አያ ሙሉሰው፣ ምን ብለው ነው ያስረዷቸው?»

አያ ሙሉሰው ወደ ሚስታቸው አዩ።

«አንቺ ያልሽውን ነው» አለች የትነበርሽ።

በማግስቱ ዓመት ሰኔ ገብስ ተዘራ። የትነበርሽ ያን ክረምት በሙሉ ልቧ አልተኛም። ቡቃያው ወጣ፤ አረንጓዴነቱ ጠቆር ያለ፣ አባቷ «ጠገበ» የሚሉት ዓይነት ነበር። በነሐሴ ጉልበቷ ደረሰ። ዋኘው ችግኞቹን ማረም ቀነሰ። በመስከረም ወገቧ ደረሰ። በጥቅምት ገባችበትና አያ ሙሉሰው ከመንገድ ላይ ሆነው ፈልገው አጧት። ደስ ስላላት ቆይታ ነው የወጣችው። «ሙሉሰው! አየኸኝ?» አለቻቸው። «አላየሁሽም» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ደስታዋ ግማሹ እዚያው ገብሱ ውስጥ ቀረ። በዚህች ቀን ሙሉ ቀን ማውራት የነበረባቸው ሰው ነበሩ። ማታ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው እሳቱ ሲንጣጣ ብቻ ሲሆን፣ የትነበርሽ ዓመት ሙሉ አልናገር ያለችውን ለራሷ ተናገረች። የዚያ ወፍጮ መቆም እሷንም ደስ አላሰኛትም።

ገብሱ ሲበስል ወረዳው የመስክ ቀን ይሁን አለና ሰው ሁሉ የትነበርሽ ማሳ ዳር ተሰበሰበ። ዋኘው ዛላውን በእጁ መዘነና «እንግዲህ ሸጋ ነው፤ ባህር ዛፉን ሌላ ቦታ እተክለዋለሁ» አለ። በሽማግሌ ፊት ነውና ነገሩ እዚያው ላይ ተዘጋ። የትነበርሽ ጎንበስ ብላ የአባቷን አፈር ዳበሰች።

ማስተዋል ተነሳች። የዛሬው ንግግሯ ተዘጋጅታ የመጣችበት ነበር። «ባቄላው ያሰረውን ናይትሮጅን ዘንድሮ ገብሱ ተጠቅሞበታል። ስለዚህ ለከርሞ ገብስ በገብስ ላይ ከዘራችሁ መሬቱ ተመልሶ ይደክማል። ሰብል ማፈራረቅ አለባችሁ። ገባችሁ?»

ሁሉም አንገታቸውን ቀስ አድርገው ወደ አያ ሙሉሰው አዞሩ። እሳቸው መሬት መሬት እያዩ ነበር። የትነበርሽ ከጎን አየቻቸው። ከንፈራቸውን ነክሰዋል። ጋቢያቸውን ሊያስተካክሉ እጃቸው ተነሳና መንገድ ላይ ቀረ። እንባዋ መጣ። ሳታስበው ተነስታ ቆመች።

«ሙሉሰው!» አለች ጮክ ብላ። «ፈትቼሃለሁ!»

ጉባኤው ተናወጠ። «ኧረ የትነበርሽ!» «በስተርጅና!» «ምነው፣ ምን በድሎሽ?» መሪጌታ ዕንባቆም መስቀላቸውን አወጡ። ሁለት ሽማግሌዎች ለእርቅ ተነስተው ከመካከላቸው ገቡ። ዋኘው «ገብሱ ስላማረ ነው ባሏን የምትፈታው!» አለ። የትነበርሽ ያለችው ነገር ምን ሆኖ እንደተሰማ ሲገባት ክው ብላ ደርቃ ቀረች። ለመናገር ብትሞክርም የሚሰማት የለም።

ያን ጊዜ አያ ሙሉሰው ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ሽማግሌዎቹም ተመልሰው ተቀመጡ።

«ለማለት የፈለገችው...» አሉ። ያቺ ቃል ዓመት ሙሉ ተዘግታ ስለነበር እንደ ቆየ በር ነው የተከፈተችው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለማለት የፈለገችው፣ የፈታችው ግዝቱን ነው። እኔንማ ማን ይፈታኛል?»

ሳቁ ማሳው ላይ ወፍ አስነሳ። አያ ሙሉሰው ግን ገና አልጨረሱም፤ ውዝፍ አለባቸው። ወደ ማስተዋል አመለከቱ። «ባለሙያዋ ደግሞ ለማለት የፈለገችው፣ ባቄላው ያሰረውን ጅን ዘንድሮ ገብሱ በልቶታል። አልቋል። ለከርሞ ሌላ ይታሰር።»

«እህህ!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ። «እንዲህ አትለንም ኖሯል!» ዋኘው «እኔም ላስር ነው፤ ዘሩን ከየት ነው የማገኘው?» ብሎ ከወዲሁ ወረፋ ያዘ። ማስተዋል ለማረም አፏን ከፈተች፤ የትነበርሽ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። «ተይው ልጄ። ደርሷል።»

ባልና ሚስት ወደ ቤት ሲመለሱ አያ ሙሉሰው የዓመቱን ሁሉ አስረዱ። ያለ እሳቸው የተዘረጋውንና ሳይዘጋ የቀረውን ስብሰባ፣ የዋኘውን ሕመም፣ ያቺን ብዙ ወጥ የተጨለፈባትን ምሽት ሳይቀር። የትነበርሽ አላቋረጠቻቸውም። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ግን ድንገት ቆም አሉ።

«ፈትቼሃለሁ ስትይ እኮ...» አሉ።

«እ?»

«ለማለት የፈለግሽው፣ ያለ አንተ አፍ ቤቱ ጭር ብሎብኛል ነው።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲተረጉሟት ኖረው ዛሬ ገና በትክክል ተረጎሟት። የትነበርሽ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ አፏን ሸፈነች።

«ምነው?»

«ጅን እንዳይገባብኝ ነው።»

አያ ሙሉሰው ይህቺን ለማንም አላስረዱም።